ከመጨረሻው ጀምሮ

ስለ አእምሮ ሕመም ሳያነብ የሚመረቅ የሳይኮሎጂ ተማሪ የለም። የምናነበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሃንድአውት ነው፤ ምልክቶቹን ተራ በተራ እንሸመድድና ፈተና ላይ እናራግፋቸዋለን፣ በቃ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ንባብ ነው። አንድ መምህራችን ያዋሱኝ መጽሐፍ «ስቱዋርት፡ ኤ ላይፍ ባክዋርድስ» ይባላል፤ ወደ ኋላ የተተረከ ሕይወት እንደ ማለት ነው። አሌክሳንደር ማስተርስ የጻፈው ሲሆን በ2005 እንግሊዝ አገር ታትሞ በዚያው ዓመት ጋርዲያን ጋዜጣ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ይሰጠው የነበረውን ሽልማት አግኝቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ታሪኩ እውነተኛ ነው።

ስቱዋርት ሾርተር ካምብሪጅ ከተማ ጎዳና ላይ ይኖር የነበረ ሰው ነው። አዎ፣ ያቺ የዩኒቨርሲቲዋ ካምብሪጅ። ከአባቱ የወረሰው ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ አለበት። ይጠጣል፣ ዕፅ ይወስዳል፣ ዘርፎ ታስሯል፣ ሲብስበት የገዛ ሰውነቱን በስለት ይቆርጣል። ሐኪሞች የሰጡት ስም እኛ ሃንድአውት ላይ «ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር» የሚለው ነው። መጀመሪያ ስታገኙት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስፈራል። ደግሞም ያስቃል።

ጸሐፊው መጀመሪያ ያየው ሲለምን ነው። በደንብ ያቀራረባቸው ግን አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። በ1999 ቤት የሌላቸው ሰዎች የሚውሉበት የካምብሪጅ ማዕከል ኃላፊዎች፣ ሩት ዋይነርና ጆን ብሮክ፣ ተገልጋዮች ግቢ ውስጥ ዕፅ ሲሸጡ አላስቆማችሁም ተብለው አምስትና አራት ዓመት ተፈረደባቸው። ይፈቱ የሚል ዘመቻ ተጀመረ። ስቱዋርት በየስብሰባው እየቆመ ተናገረ፤ ለንደን ላይም ከዘመቻው ሰዎች ጋር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ደጃፍ አደረ። ደጅ ማደርን ከሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሁለቱም በ2000 በይግባኝ ከእስር ወጡ።

ማስተርስ ታሪኩን ጽፎ ረቂቁን ሲያሳየው ስቱዋርት አሰልቺ ነው አለው። እንደ ወንጀል ልብ ወለድ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ልጅነቱ እንዲሄድ፣ ያንን ልጅ ምን እንደገደለው እንዲፈልግለት ጠየቀው። ጸሐፊውም ሰማው። ስለዚህ አንባቢው ስለቱን ያያል፣ ቀጥሎ ወህኒ ቤቱን፣ ቀጥሎ ጎዳናውን፣ ከዚያ ከቤት አውጡኝ ብሎ ራሱ የለመነውን ትንሽ ልጅ። ለምን እንደለመነ የሚገባን ከዚያም በኋላ ነው፦ ታላቅ ወንድሙ ይደፍረው ነበር። ሸሽቶ የገባበት ማሳደጊያ ውስጥም ያው ጥቃት ጠበቀው። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ዶርም ውስጥ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እኛ ኬዝ ሂስትሪ ስንጽፍ የዛሬውን ችግር በሁለት መስመር አስፍረን ወዲያው ልደቱ ላይ እንዘላለን፣ ከዚያ ወደ ፊት ነው። እንዲያ ሲጻፍ ሁሉም ነገር ወደዚያው መድረሱ የማይቀር ይመስላል። ወደ ኋላ ሲነገር ግን በየምዕራፉ «ከዚህ በፊትስ?» እያልክ መጠየቅህ የግድ ነው። እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ገዳይ ፍለጋ ሲባል አንድ ገዳይ ያለ ይመስላል፤ እኔን የበለጠ የነካኝ ስቱዋርት በእስር ቤት ስልት ኬሪ የሚሠራበት ቦታ ነው። በ2007 ፊልም ሆኗል፤ ቶም ሃርዲ ጥሩ ይጫወታል፣ ቢሆንም መጽሐፉን አስቀድሙ። ስቱዋርት ራሱ መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። በ2002፣ በ33 ዓመቱ፣ ባቡር ገጭቶት ሞተ። አደጋ ይሁን ራሱን ያጥፋ፣ ምርመራው ሊቆርጥ አልቻለም።

ስጨርስ ትዝ ያለኝ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። እኛ ቤት የሱ ታሪክ ሁሌም ከፊት ነው የሚጀመረው፦ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር፣ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ነበር፣ ከዚያ አንድ ቀን ነካውና ጨርቁን ጣለ። ለእብደቱም ሁሌ የሚጠቀስ ማስረጃ አለ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በእግሩ መጣ።

ለእረፍት ቤት ስሄድ እማዬን ከመጨረሻው ጀምራ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ቡና እየቆላች ነበር። መጨረሻ ያየችው መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ዳቦ ስትሰጠው «ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ገባች?» አላት። ከዚያ በፊትስ? ኪኒን እየወሰደ ደህና ሆኖ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ መሳፈሪያ ሲጠፋ ተቋረጠ። ከዚያ በፊት ጠበል፣ ሰባት ወር።

«ታስሮ?»

ምጣዱን አወረደችና ዝም አለች። «ታስሮ» አለች በኋላ።

ከዚያ በፊት ነው እንግዲህ ያ የእግር ጉዞ፣ ሦስት ቀን። ከዚያ በፊትስ? ከሥራ ተሰናብቶ ነበር፤ አከራዩም ሌሊት ብቻውን ያወራል ብላ ዕቃውን ደጅ አወጣችበት። ኪሱ ውስጥ ሳንቲም አልነበረም። እማዬ ይህን እየተናገረች እያለ ድንገት ቆም አለች።

«እና ወዴት ይሂድ?» አለችኝ። «ወደ ቤቱ እኮ ነው የመጣው።»

አጎቴ ታሞ እንደነበር አልክድም፤ እሷም አትክድም። ግን ይህን ያህል ዓመት ስንስቅበትም ስናዝንበትም የኖርነው ጉዞ የመሳፈሪያ ያጣ ሰው ጉዞ ነበር።

ከአከራይዋ በፊት ያለውን ስጠይቃት አላወቀችም። «እሱን የሚያውቀው እሱ ነው» አለች። ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ሰው ሸዋ ሮቢት አይቼዋለሁ ብሏታል። ለክረምት ስንዘጋ አብረን ልንሄድ ተነጋግረናል።