ከእናቴ ድምፅ ላይ ዘፈን የቀዳሁት እኔ ነኝ

አንባቢ ሆይ! ለ18 ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ምሥጢር ዛሬ ላወጣው ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ግን እንዳትፈርዱብኝ፤ አደራ!

እናታችን ያረፈችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከእሷ የቀረን ጥቂት ፎቶ፣ አንድ ነጠላና አንድ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ነው። ካሴቱን የቀዳችው ከማረፏ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ጅዳ ለምትኖረው እህቷ ልትልክላት ብላ ነበር። ያኔ እንደዛሬው ቴሌግራም የለ፤ የውጭ አገር ስልክ ውድ ነው፤ እጁ ለደብዳቤ የማይታዘዝለትም ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው ቴፕ ፊት ቁጭ ብሎ ሰላምታውንም፣ ሐሜቱንም፣ ለቅሶውንም ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ ነበር። የእናታችን መንገደኛ ግን ሳትሰናበት በረረች፤ ካሴቱም ኮመዲኖ ውስጥ ቀረ።

2000 ዓ.ም. ሲገባ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከተማው በሚሊኒየም ዘፈን ሰክሯል። እኔም ከሬዲዮ መቅዳት አማረኝ። ባዶ ካሴት ከየት ይምጣ? ኮመዲኖውን ስበረብር ምንም ያልተጻፈበት አንድ ካሴት አገኘሁ። ከተትኩ፤ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። በኋላ መልሼ ሳጫውተው ዘፈኑ አለቀና የእናቴ ድምፅ ብቅ ብሎ «...ለእሱ ብቻ ነው የምሰጋው» አለ።

ለማን? ከዚያ በፊት ያለውን እኔው ራሴ ውጬዋለሁ!

ካሴቱን ወደ ቦታው መልሼ ዝም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ቴፑ ተበላሸ (በልቤ እሰይ ብያለሁ)። ታላቅ እህቴም ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልላ «አንጀቴ ሲችል እሰማዋለሁ» እያለች አስቀመጠችው። በ2018 ሠርጓ ሲቃረብ «የእማዬን ድምፅ ሳልሰማ አላገባም፤ ቴፑን አሠራልኝ» አለችኝ። አቤት የገባሁበት ጣጣ!

መጀመሪያ ያሰብኩት የጠፋውን ለማስመለስ ነበር። አይቻልም። የካሴት ክር ማለት የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁ የተያዘው በማግኔት ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲጫኑት ደሞ ከመቅጃው ፊት ማጥፊያ አለች፤ እሷ የድሮውን ትጠርጋለች፣ አዲሱ ይገባል። የተጠረገውን የማንም ጥበብ አይመልሰውም። የሚያናድደው ነገር ምን መሰላችሁ? በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ አንዷ ለአንዱ ፊት፣ ሌላዋ ለሌላው። እነሱ ከተሰበሩ ቀዩ ቁልፍ አልጫን ይላል። ያኔ አንድ ሰው በቢላ ጫፍ ሰብሯቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህንን አልጽፍም ነበር። ቤታችሁ የዘመድ ድምፅ ያለበት ካሴት ካለ አሁኑኑ ተነሱና ስበሩ፤ እኔ እጠብቃችኋለሁ።

መጣችሁ? ጥሩ።

ቴፑንና ካሴቱን ይዤ መርካቶ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይኸው ካሴቱ፣ ይሞክሩበት» ስላቸው ተቆጡኝ። «አንተ ልጅ አብደሃል እንዴ? ላልታወቀ ቴፕ የእናትህን ድምፅ ታስበላለህ? ሂድና የምትጠላውን ዘፈን አምጣ!» አሉኝ። የማልወደው ዘፈን ሞልቶኝ፣ አመጣሁ።

ቴፑ ሲከፈት ሞተሩ የሚያሽከረክረው ላስቲክ ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። ማንም ሳይነካው፣ ቁጭ ባለበት! ላስቲክ እንዲህ ነው አሉኝ፤ ቢሠራም ባይሠራም ያረጃል። ጥቁሩን ነገር በጥጥና በአልኮል ጠርገው መጠኑ የሚስማማ አዲስ ላስቲክ ገጠሙለት። ክሩን የምታነበውን ብረት (እነሱ «ሄድ» ይሏታል) ዓመታት የተጠራቀመ ቡናማ እድፍ ሸፍኗታል፤ እሷንም በአልኮል አጸዷት። ክሩን የሚጎትተውን ጎማ ግን አልኮል ያደርቀዋል ብለው በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጠረጉት።

ካሴቱም ቢሆን ጤነኛ አልነበረም። ክሩን ከሄዷ ጋር የምታጣብቀው የምስር ፍሬ የምታክል ለስላሳ ነገር ሙጫዋ ደርቆ ወድቃለች፤ እሷ ከሌለች ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ጋሼ የእኛን ካሴት መገጣጠሚያውን በምላጭ ከፈቱና ክሩን ከነመንኮራኩሩ አንስተው ባለ አምስት ብሎን ወደሆነ ሌላ ካሴት አዛወሩት። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብለው በእጃቸው አጠነጠኑት፤ ሞተር የተጣበቀ ክር ይበጥሳል።

«የመጀመሪያው ማጫወት መቅጃም ይሁን፤ ሁለተኛው ላይኖር ይችላል» አሉና ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር ገመድ ዘረጉ። የመጀመሪያው ፊት 45 ደቂቃ አልቆ ካሴቱን ልንገለብጥ ስንል መብራት ጠፋ። ጉድ እኮ ነው!

የተቀዳውን በሦስት ቦታ አስቀመጥኩት፤ አንዱን ለአክስቴ ጅዳ ላክሁ። በ2014 የኮምፒዩተሬ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር «ነገ እገለብጠዋለሁ» ብዬ የስድስት ዓመት ፎቶ ቀብሬያለሁና አንዴ ተምሬያለሁ። ፍላሽም ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሲረሳ የያዘውን ሊለቅ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ እዩት፣ ቅጂም አውጡለት።

ማታ ከእህቴ ጋር ቁጭ አልን። የሚሊኒየሙ ዘፈን ጀመረ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አየችኝ። ተናዘዝኩ። ምንም አልመለሰችልኝም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ደቂቃው አላልቅ አለኝ። ከዚያ «...ለእሱ ብቻ ነው የምሰጋው» ሲል እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ስለ እኔ ነው አይደል?» አልኳት። 18 ዓመት እንደዚያ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።

እያለቀሰች ሳቀች። «ስለ አንተ? ስለ አባዬ ነው እንጂ! ሲቀዳ ቴፑን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ እኮ። መጠጡን ካልተወ እያለች...» ከዚያም የጠፋውን ክፍል የምታስታውሰውን ያህል ነገረችኝ፤ የአክስቴ ልጆች ሰላምታ፣ የቤት ኪራዩ፣ የእድር ጭቅጭቅ። ደብተር አምጥቼ ጻፍኩት።

«ስለ እኔስ ምንም አላለችም?»

«ብላለች። ይህ ልጅ እጁ የማይገባበት የለም ብላለች።»

ሁለተኛው ፊት ገና አልተቀዳም። ቅዳሜ አብረን ጋሼ ዘንድ እንሄዳለን፤ ካሴቱን ግን የምትይዘው እሷ ናት።