«ድነዋል» ያልን ቀን



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ስህተት ነው። ደሴ ውስጥ፣ በመስጂዳችን ሰፈር፣ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከአራት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። ጀማዓው ተረባረበ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በር ላይ ጨርቅ ዘርግተን ገንዘብ ሰበሰብን። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ኬሞቴራፒም ወሰዱ። ሲመለሱ ማይክራፎኑን ይዘን «አልሐምዱሊላህ፣ እናታችን ድነዋል!» አልን። ሰዉ በተክቢራ ተቀበለን። እኛም የድርሻችንን የጨረስን መሰለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። አምስት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ጆንያ ሲያነሱ ፊታቸው ሲለዋወጥ እናያለን፤ «ብርድ ነው ልጄ» ይሉናል፤ እኛም አምነን እናልፋለን። መነሳት ሲያቅታቸው ልጃቸው ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ልንዘይራቸው ሄደን ለምን እንደደበቁን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ሰዉ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ አዋጥቶልኝ፣ እናንተም ድነዋል ብላችሁልኝ፣ መልሶ አመመኝ ብዬ በምን አፌ ልናገር?» አሉን።

አንገታችንን ደፋን። ዝም ያሰኛቸው የኛው ማይክራፎን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ጠየቅን፣ አነበብንም። መድረሳ የተማርነው ነገር አልነበረምና ከሥሩ ጀመርን። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ላይ ነው። አጥንት ላይ ቢገኝም የአጥንት ካንሰር አይባልም። ሴሉ የጡት ካንሰር ሴል ነው፤ የሚታከመውም በጡት ካንሰርነቱ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ፣ ስርጭቱ በዘፈቀደ እንዳልሆነ አሳየ። ሴሉን በዘር፣ የሚያርፍበትን አካል በአፈር መሰለው። ዘሩ በየቦታው ቢበተንም የሚበቅለው በተስማማው አፈር ላይ ነው።

ይህ ዘር ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። በሆርሞን የሚያድገው ዓይነት ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ የሚነሳበት ጊዜ አለ። የተኛውን ምን እንደሚቀሰቅሰው ተመራማሪዎች ዛሬም ይለፉበታል። ስለዚህ በሽታው የተመለሰባትን እናት «ምን አጥፍታ ይሆን? ኢማኗ ደክሞ ይሆን?» ማለት በደል ነው።

ብዙዎቻችን «ተሰራጭቷል» ሲባል ቶሎ ከፈን ነው የሚታየን። እርግጥ ነው፣ እዚህ ደረጃ የደረሰን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ማከም ግን ይቻላል። ታሞክሲፈን የሚባለው በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ኸር ቱ የሚባለው ፕሮቲን ለበዛበት ዓይነት ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ተፈቀደ። ሁሉም ለሁሉም አይሆንም፤ ለማን የቱ እንደሚሆን የሚለየው ምርመራ ነው። ለአጥንት ሕመም የጨረር ሕክምና አለ፤ አንዳንዴ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶም ሕመሙን ያስታግሳል።

ለእናታችን ሞርፊን ሲታዘዝ «የሚያሰክር ሐራም ነው» ብለው መለሱት። ሌሊቱን በሕመም ሲቃትቱ ያድሩ ነበር። ኢማማችን ራሳቸው ቤታቸው ሄዱ። ሐኪም ለሕመም በመጠን ያዘዘው መድኃኒት ለስካር ከሚወሰድ ነገር ጋር እንደማይቆጠር በእርጋታ አስረዷቸው። ያን ሌሊት ተኙ። ፈጅርን ተቀምጠው ሰገዱ።

ዛሬ ክኒናቸውን እየዋጡ፣ በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ይኖራሉ። ሱቅ የሚከፍቱበት ቀን አለ፤ ከአልጋ የማይወርዱበትም ቀን አለ። ከሁሉ የሚከብድዎት ምንድን ነው ስንላቸው «ጥያቄው» አሉ። «ሰው ሁሉ አሁንስ ዳኑ? ይለኛል። አዎ ብል ዋሸሁ፤ አልዳንኩም ብል ከንፈሩን ይመጥልኛል።»

ወጣቶች ሆይ! እንዲህ ያሉ እናት በሰፈራችሁ ካሉ «ዳኑ?» አትበሏቸው። «ዛሬ እንዴት አደሩ?» በሏቸው፤ ጆንያቸውን አንሱላቸው፤ የሕክምና ቀጠሮ ሲኖራቸው አብራችሁ ተሳፈሩ። አንድ ጊዜ ታክማ የነበረች እናታችሁ ወይም እህታችሁ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከታየባት «ብርድ ነው» ስትል ሰምታችሁ ዝም አትበሉ። ወደ ሐኪም ውሰዷት። ዱዓችንንም ሕክምናውንም አናቋርጥ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

እኛም በእናታችን ፈቃድ ባለፈው ጁሙዓ ማይክራፎኑን መልሰን ያዝን። «እናታችን አልዳኑም፤ እየታከሙ ነው። የአንድ ቀን መዋጮ አይበቃም፤ በየወሩ ለመጓጓዣቸው እናዋጣ» አልን። ተክቢራ አልተሰማም። ሰዉ ግን ሲወጣ ሣጥኑ ጋ ቆመ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ፣ ለአስታማሚዎቻቸው ሶብር ይስጥልን። ለኛም ከመናገራችን በፊት የምናስብበትን ልብ ይስጠን። አሚን።