የሥዕል ጀግኖችና የእኔ ዱላ

«ካርቱን የሕፃን ማባበያ ነው» የሚሉ ታላላቆች አሉ። «ከካርቱን የሚበልጥ ፊልም የለም» የሚሉ እኩዮችም አሉኝ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች እውነቱን ግማሽ ግማሽ ተካፍለው ይዘውታል እላለሁ። ይህንንም ለማለት ያበቃኝ ያነበብሁት መጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እጄ የሠራሁት ጥፋት ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ጀግና ካርቱኖች ጥቅምና ጉድለት ስጽፍ፥ ያን ጥፋቴን መደበቅ አንባቢዎቼን እንደ ማታለል ስለሚቈጠርብኝ፥ ሁለቱን አንድ ላይ አቀርባለሁ።

ገሳይ፥ እንደምታውቁት፥ የብርድ አገር ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከራስጌያችን ስለ ተቀመጠ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ እሳቱ ይሰበሰባል። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሲመጣ አሮጌ ላፕቶፕና በፍላሽ የተቀዱ ሁለት ተከታታይ ፊልሞች አመጣልን። አንደኛው «ድራጎን ቦል ዚ» ይባላል። በጃፓናዊው ሠዓሊ በአኪራ ቶሪያማ ሥራ ላይ ተመሥርቶ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 እስከ 1996 በቴሌቪዥን የታየ፥ 291 ክፍል ያለው ፊልም ነው። ሁለተኛው «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» የተባለው ነው። እሱም በአሜሪካ ተሠርቶ ከ2005 እስከ 2008 የታየ ሲሆን፥ ክፍሎቹ 61 ናቸው።

ፊልሞቹ የሚናገሩት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከግርጌያቸው ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላቸው። ጽሑፉ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልፍ እኔ አንዱን መስመር ሳልጨርስ ሌላው ይመጣብኛል። ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ የሆነው ልጅ ግን በእንግሊዝኛ ከሁላችን ይበልጣል። መብራት በሚኖርበት ማታ ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣና ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ተቀምጦ፥ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። ሲተረጉምም እንደ ተናጋሪው ጠባይ ድምፁን ይለዋውጣል። ታናሽ ወንድሜ ከሳቁ የተነሣ ከመደቡ እስኪንሸራተት ይስቃል። እናቴም ጥጧን እየፈተለች ታዳምጣለች።

አንድ ማታ የጎኩ ሚስት ቺቺ ልጇን «ጠቡን ተውና አጥና» እያለች ስትቆጣ አይተን ሁላችን ሳቅን። ፊልሙም እንድንስቅባት አድርጎ ነው የሠራት። እናቴ ግን እንዝርቷን አቁማ፥ «ምን ያስቃችኋል? ልጇን ተማር ያለች እናት ምን አጠፋች?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አጣን። ካርቱንን መመርመር የጀመርሁት በዚያች ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። በእውነትም አንዱ ትልቅ ጉድለታቸው፥ ቤቱን የምታቆመዋንና እውነቱን የምትናገረዋን ሴት መሳቂያ ማድረጋቸው ነው።

ጥቅማቸውን ግን መካድ አይገባኝም። ጎኩ ሲወለድ ከዝቅተኛ ተዋጊዎች የተቈጠረ ነው፤ ባላንጣው ቬጄታ ደግሞ የንጉሥ ልጅ ነው። ሆኖም ጎኩ ሳይታክት በመለማመድ ከልዑሉ ጋር ይተካከላል፥ ኋላም ይበልጠዋል። የሰው ዋጋ በዘሩ ሳይሆን በጥረቱ መሆኑን ለአንድ የገበሬ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትምህርት የለም። የሒሳብ ጥያቄ አቅቶኝ ደብተሬን ልዘጋ ስል ያ ልጅ ትዝ እያለኝ እንደገና የጀመርሁባቸው ማታዎች ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በየካቲት፥ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፥ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ላይ ከብት ስንጠብቅ «ጎኩና አንግ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?» የሚል ክርክር ተነሣ። አንግ የአቫታር ፊልም ጀግና ነው፤ መነኮሳት ያሳደጉት የ12 ዓመት ልጅ ነው። እኔ ለጎኩ ቆምሁ፤ ጓደኛዬ ለአንግ ቆመ። «የጎኩ ቡጢ ምን ዋጋ አለው? የሞተው ሁሉ ተመልሶ ይነሣ የለም እንዴ?» አለኝ። እኔም መልስ ባጣ ጊዜ መጮህ ጀመርሁ። እሱም፥ «አንተ እኮ ቃሉን ስለማታውቅ ቡጢውን ብቻ ነው የምታየው» አለ። ሌሎቹ እረኞች ሳቁ።

ከክርክሩ ይልቅ ሳቁ አቃጠለኝ። የያዝሁትን ዱላ ሰነዘርሁበት። ራሱን ሊከላከል ቀኝ እጁን ሲያነሣ ዱላዬ አንጓው ላይ አረፈ። የሰማሁት ድምፅ በፊልም ከሚሰማው ነጎድጓድ ጋር አይመሳሰልም፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ትንሽ ድምፅ ነበር። እሱም አልጮኸም። እጁን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ቁጢጥ አለ። ከብቶቹ ምንም እንዳልሆነ ይግጡ ነበር።

ደብረ ታቦር ድረስ ተወስዶ እጁ በጀሶ ታሰረ። አባቴም ለሕክምናው አንድ በግ ሸጠ። በእሑዱ ሽማግሎች ተሰብስበው፥ እኔ በአንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ከእናቱ እግር ሥር ወደቅሁ። «ተነሣ፤ አንተም ልጄ ነህ» አሉኝ፤ ነገር ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር። እሱ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

በድራጎን ቦል ዚ ጀግናው ቈስሎ ሊሞት ሲደርስ አንዲት ባቄላ የምትመስል ፍሬ በልቶ ወዲያው ይድናል። ቬጄታም ብዙ ሰው ካጠፋ በኋላ ከጀግኖቹ ጎን ይቆማል፤ እኛ ግን የሟቾቹን ቤት ገብተን አናይም። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለችው ባቄላ በገሳይ ማሳ ላይ እንዳልበቀለች የተረዳሁት ግን ትምህርት ተከፍቶ ጓደኛዬ በግራ እጁ ስሙን ለመጻፍ ሲታገል ባየሁት ጊዜ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ትምህርት ማስታወሻ ሁለት ጊዜ እጽፍ ጀመር፤ አንዱን በደብተሬ፥ አንዱን በደብተሩ። ደብተሩን ሳስቀምጥለት ይቀበለኛል፤ ግን አይናገረኝም።

ማታም ፊልሙን ብቻዬን ከፈትሁ። ተርጓሚ የለኝምና የማየው ሥዕሉን ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ከዚህ ቀደም ያላየሁትን አየሁ። ያው መብረቅ ደጋግሞ ይመጣል። ተዋጊዎቹ ቆመው ሲፋጠጡ ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ጎኩ ከፍሪዛ ጋር በሚዋጋበት ጊዜ ዓለሚቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደምትፈነዳ ይነገራል፤ አምስቱ ደቂቃ ግን በብዙ ክፍሎች አላልቅ ይላል።

ለዚህም ምክንያት አለው። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ሥዕሎችን ያሳልፋል። ሁሉንም በእጅ እየሣሉ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ብዙ ድካምና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በ1963 ኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ»ን በጃፓን ቴሌቪዥን ማሳየት ሲጀምር፥ ሥዕሎቹን በመቀነስና የተሣለውን መልሶ በመጠቀም ሠራው፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሠዓሊዎቹን በስንፍና ልወቅሳቸው አልችልም። ዳሩ ግን በቁጠባ የቆመው ሥዕል ይቅር ቢባል፥ ማንንም የማያምመው ቡጢ ይቅር አይባልም። እሱን ያጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ደራሲው ነውና።

በዚያው ሰሞን የታሪክ መምህራችን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያስተምሩን፥ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚሁ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ እንደ ተጎተተ ነገሩን። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ዳገቱ እየተጠረገ፥ ሸለቆው እየተሻገረ፥ ብዙ ሰው እየጎተተው ወራት ፈጀ። ጎኩ ቢሆን በአንድ ጣቱ ባነሣው ነበር። ነገር ግን ያ ታሪክ በልባችን የሚቀረው መድፉ ስለ ከበደ ነው። ክብደት የሌለው ነገር ሲነሣ ማን ይደነቃል? ሕመም የሌለው ውጊያስ ሲያልቅ ማን ዕፎይ ይላል?

ከዚህ በኋላ አቫታርን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። በዚህ ፊልም ውስጥ ዙኮ የሚባል ልዑል አለ። የገዛ አባቱ ፊቱን በእሳት አቃጥሎታል፤ ጠባሳውም ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው አይጠፋም። አጎቱ አይሮ በስደት ሲያሳድገው፥ ዙኮ ይከዳዋል። ኋላም ተጸጽቶ ወደ አጎቱ ድንኳን ይመጣና ተንበርክኮ እያለቀሰ መናገር ይጀምራል። ሽማግሌው ንግግሩን እንኳ ሳያስጨርሱት ስበው ያቅፉታል። ይህን ለማየት ትርጉም አላስፈለገኝም። እኔም ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስሁ።

በማግሥቱ ላፕቶፑን በሻሽ ጠቅልዬ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። «አንድ ቦታ አልገባኝም፤ ተርጕምልኝ» አልሁት። ሰበብ መሆኑን ሳያውቅ አልቀረም። ክፍሉን ከፍቼ ዝም አልሁ። እሱም እንደ ልማዱ ድምፁን ሳይለዋውጥ ቀስ ብሎ ተረጐመ። አጎቱ እንዳልተቆጡ፥ ይልቁንም ልጁ መንገዱን እንዳይስት ፈርተው ያዝኑ እንደ ነበር ሲነግሩት፥ ጓደኛዬ እዚያ ላይ አቆመና ጀሶውን በግራ እጁ እያሻሸ ቆየ። በመጨረሻም «ቀጥል፤ ገና አላለቀም» አለኝ። ከዱላው ቀን ወዲህ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ፊልሙንም አብረን ጨረስነው። አንግ ጨካኙን የእሳት ንጉሥ መግደል እንዳለበት ሁሉም ይመክሩታል፤ እሱ ግን ያሳደጉት መነኮሳት ያስተማሩትን አልተውም ይላል። በመጨረሻ ንጉሡን ሳይገድለው ኃይሉን ብቻ ነጥቆ ያሸንፈዋል። እኔ በደስታ ሳጨበጭብ ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ጥበብ ያገኘው ከውጊያው በፊት ድንገት ከባሕር ከወጣ ትልቅ ፍጡር ነው። ቀድሞ ደክሞበት ቢሆን ይሻል ነበር» አለ። ልክ ነው። የዚህ ድንቅ ፊልም ጉድለት፥ የከበደውን ጥያቄ አንሥቶ መልሱን በነጻ ማግኘቱ ነው። እኔም ደራሲውን ሳልሰድብ፥ ጓደኛዬንም ሳልቆጣ ተስማማሁ።

በአገራችንም ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትመራው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፥ አስቀድሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊት ፊልም፥ ቀጥሎም «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የጀግና ካርቱን ሠርቷል። በዚህም ፍቅር፥ ፍትሕና ትዕግሥት የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ኖሯቸው በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጎጂ ልማድ ይታገላሉ። ጠላታቸው ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ ሳይሆን እኛው የምናውቀው የልጅነት ጋብቻና የመሰለው ነገር መሆኑ ያኮራል። የሚያሳስበኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፥ ልትዳር የታጨች የገጠር ልጅ የሚያድናት ልዩ ኃይል ሳይሆን አቤት የምትልበት መምህር፥ የሚሰማት አባትና አብሯት የሚቆም የክፍል ጓደኛ ነው። ካርቱኑ ኃይሉን ሲያሳየን እነዚህንም አጉልቶ ቢያሳየን፥ ልጅቱ ፊልሙ ሲያልቅ ባዶ እጇን አትቀርም።

ወላጆች ሆይ፥ ካርቱንን አትከልክሉን፤ እንደ እናቴ አጠገባችን ተቀምጣችሁ ጥያቄ ጠይቁን። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ የምታደንቁት ጀግና ሲመታ «የተመታው ሰውዬ ነገ እንዴት ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊልሙ መልስ ካለው ጥሩ ፊልም ነው። መልስ ከሌለው ግን ለጊዜው ሳቁበት፥ ዱላችሁን ግን አስቀምጡ።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ለጓደኛዬ አስነበብሁት። ሦስት የፊደል ስሕተት በቀኝ እጁ አርሞ መለሰልኝ። እጁ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ይጠዘጥዘኛል ይላል። ገሳይ ደግሞ የብርድ አገር ነው።