ከካርታው ባሻገር፦ የአትላባራ ትዝብት

* ሳሙኤል ሃንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው፣ ዓለምን በሥልጣኔዎች በከፋፈለበት መጽሐፉ ሱዳንን በሃይማኖት ከተሰነጠቁት አገሮች መደባት፤ ኢትዮጵያን ደግሞ በባህል ዘመድ ከሌላቸው ብቸኛ አገሮች ቆጠራት። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ አትላባራ ሰፈር በሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ግን በሁዳዴ ለአንዱ በያይነቱ፣ ለጎረቤቱ ጥብስ ይቀርባል። አስተናጋጇ ደቡብ ሱዳናዊውን ደንበኛ በጁባ ዓረብኛ «ኢታ ኬፍ?» ብላ ተቀብላ፣ ወዲያው ዞር ትልና «ጋሼ፣ ቡና ልድገምዎት?» ትላለች።

* ደቡብ ሱዳናውያን ከካርቱም መንግሥት ጋር ሲዋጉ ዓረብነትና እስልምና በግድ እንዳይጫንባቸው ነበር። ዛሬም ግን በጁባው ኮኞ ኮኞ ገበያ ዋጋ የሚቆረጠው በዓረብኛ ነው። ሰው የጠላው ማስገደዱን እንጂ ቋንቋውን አልነበረም።

* የደቡብ ሱዳን ነጻነት በታወጀ በሁለት ዓመት ተኩል፣ በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ.፣ ጁባ በጥይት ታመሰች። ከተፋለሙት መሪዎች ሳልቫ ኪር ካቶሊክ፣ ሪክ ማቻር ፕሬስቢቴሪያን፤ ሁለቱም ክርስቲያን። ይህን የሃንቲንግተን ካርታ አይፈታውም። የታሪክ ጸሐፊው አርኖልድ ቶይንቢ ግን በአርአያነታቸው ሕዝብ ያስከተሉ መሪዎች በጉልበት ብቻ መግዛት ሲጀምሩ ሥልጣኔ ከውስጡ ይሰነጠቃል ብሎ ነበር። ጁባ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

* ቶይንቢ የእኛን የኢትዮጵያውያንን ክርስትና ከሞተ ሥልጣኔ የተረፈ ቅሪት አድርጎ ማየቱ ግን ስሕተት ነው። ከእሱ በፊት የታሪክ ጸሐፊው ጊቦንም ኢትዮጵያውያን ዓለምን ረስተው ለሺህ ዓመት ግድም አንቀላፉ ብሏል። በዚያው ዘመን ግን መነኮሳቶቻችን በ1441 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ፍሎረንስ ጉባኤ ደርሰዋል። የተኛ ሕዝብ ይህን መንገድ አይሄድም።

* ሃይማኖት ሱዳንን አስታርቆም ያውቃል፦ የ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ስምምነት የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት አስቆመ። ካርቱምንና የደቡብ ታጋዮችን ያገናኙት የዓለምና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤዎች ነበሩ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ረድተዋል። ሰላሙ 11 ዓመት ቆየ። በ1983 እ.ኤ.አ. ውሉን ያፈረሰው የተዋዋለው የሱዳን መንግሥት መሪ ኒሜሪ ራሱ ነው፤ ደቡብን ለሦስት ከፈለ፣ ሸሪዓንም አወጀ። ሃይማኖት አስታረቀ፤ ሥልጣን አፈረሰ።

* በእኛም አገር፣ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት በአንድ ቅዳሴ ያደጉ ወንድማማቾች ተጋደሉ። ስለዚህ የሥልጣኔዎችን ግጭት ከማጥናታችን በፊት፣ በአንድ ማዕድ የተቀመጡትን ሰዎች ማን፣ በምን ጥቅም እንደሚያጋድላቸው እንመርምር።