የሚሮጠው ፈረስ

ልጅ ሳለሁ የሳልኩት ፈረስ እግሮቹ ከሆዱ አልገጠሙም ነበር። መምህሬ «ይህ ፈረስ አይደለም» ብለው በቀይ ሰረዙት። አመንኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ እርሳስ የማነሳው ለመጻፍ ብቻ ሆነ።

ያን ፈረስ ዳግም ያየሁት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በጥንታውያን ኬልቶች የወርቅ ሳንቲም ላይ ነው። መነሻው መቄዶንያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ359 እስከ 336 የነገሠው ዳግማዊ ፊልጶስ ባሠራው የወርቅ ሳንቲም በአንድ ገጹ የአፖሎ ራስ፣ በሌላው ሁለት ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ ይታያል። ኬልቶች ይህን ቀዱ። እየቆየ ግን ሠረገላው ተሰባብሮ ጠፋ፤ ሁለቱ ፈረሶች አንድ ሆኑ። ፓሪስ ስሟን በወረሰችው በፓሪሲ ነገድና በደቡብ ብሪታንያ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ የፈረሱ አካል ቅስትና ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ።

ይህን «ያልሠለጠነ እጅ ሥራ» ያሉት ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን አውራ ጣት በማትሞላ ስፋት ላይ እነዚያን ቅስቶች አስማምቶ የቀረጸ እጅ ፈረስ መሳል አቃተው ማለት ይከብደኛል። ሥጋውን ትቶ ሩጫውን ነው ያስቀረው።

የእኔው ፈረስ በእርግጥ ካለመቻል የመጣ ነው። ቢሆንም መምህሬ ከመሰረዛቸው በፊት «እግሩ ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ መልሱ አፌ ላይ ነበር፦ «እየሮጠ ነው።»