እንግዳና ነጋዴ



በእኛ ቋንቋ አልጋ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እቤታችን የነበረው፣ ጠፍሩ ሲላላ የምናጠብቀው አልጋ ነው። ሁለተኛው የነገሥታቱ ነው፤ እሱ በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል። ሦስተኛው መንገደኛ ከተማ ሲገባ «አልጋ አለ?» እያለ የሚጠይቀው፣ ቁልፍና ዋጋ ያለው ነው። በዚህ ወግ የማጫውታችሁ ስለ ሦስተኛው ነው።

ባለፈው ሐምሌ ናይሮቢ መውረድ ግድ ሆነብኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያገኘሁት ዲፕሎማ በዚህ አገር ዋጋ እንዲኖረው፣ በዋና ከተማው መመዘንና አቻነቱ መረጋገጥ አለበት። የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ለማግኘት ምን ያህል በር እንደሚንኳኳ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን እተወዋለሁ። ብቻ የ7 ቀን ፈቃድ ተሰጠኝ። አውቶቡሱም በሎድዋር፣ በኪታሌ፣ በኤልዶሬትና በናኩሩ አዙሮ፣ የካኩማን አቧራ እንደተሸከምኩ አመሻሹ ላይ ከተማው መሐል ጣለኝ።

ያገኘሁት ሆቴል ከአውቶቡሶቹ መቆሚያ የራቀ አልነበረም። በሩ ላይ «ካሪቡ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ሦስት ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ ቀንም ሌትም ሙቅ ውሃ፣ ቁርስ፣ ጸጥታ። ዋጋው ለአንድ ሌሊት 1,500 ሽልንግ ነው። በካምፕ ትምህርት ቤት በማበረታቻ ክፍያ ለሚያስተምር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ ባይሆንም፣ ዲፕሎማ ይዞ ሜዳ ላይ ከማደር ይሻላል ብዬ ገባሁ።

እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ቀና ሳይል «መታወቂያ!» አለኝ። የስደተኛ መታወቂያዬንና የፈቃድ ወረቀቴን ሰጠሁት። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ጓደኛውን ጠራ፤ ሁለቱም አንዴ ፎቶግራፉን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ፓስፖርት የለህም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው የሁለቱን ሌሊት ሒሳብ አሁን ትከፍላለህ። 1,000 ሽልንግ ደግሞ መያዣ ታስቀምጣለህ።»

ከእኔ ቀድሞ የገባው ሰውዬ የአንድ ሌሊት ብቻ ከፍሎ፣ «ካሪቡ» ተብሎ ሲያልፍ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ በኤም-ፔሳ 4,000 ሽልንግ ልኬ ቁልፉን ስቀበል ግን «ካሪቡ» ያለኝ የለም።

አሁን እንደ አስተማሪ በቅደም ተከተል ልሂድ። ሙቅ ውሃ፦ ከመታጠቢያው አናት ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። ስከፍተው ብልጭ አለና የክፍሉ መብራት ጠፋ። ሐምሌ በናይሮቢ የብርድ ወር ነው፤ የእኛ ሰውነት ደግሞ የቱርካናን ሐሩር ለምዷል። በጨለማ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ምን እንደሚመስል ገምቱት። ጸጥታ፦ ከሥር ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲያንቀጠቅጠኝ አመሸ። ቁርስ፦ አንድ ስኒ ሻይና አንድ ማንዳዚ፤ ሁለተኛ ስኒ የፈለገ ይከፍላል። ያልተጻፈ አራተኛ ነገርም ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ተነቅሏል። ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፌ፣ ዲፕሎማዬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ጋደም አልኩ። ያቺ ወረቀት ብትጠፋ የሦስት ዓመት ትምህርቴን የሚመሰክርልኝ አልነበረምና፣ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ሌሊት ላይ ብርዱና ጩኸቱ ሲበረቱብኝ ወደ በሩ ወረድኩ። ዘበኛው ካፖርት የደረበ ሽማግሌ ነው። ሲያየኝ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ኡመኩላ?» በልተሃል ወይ ማለቱ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ ከፔርሙዙ ክዳን ላይ ሻይ ቀዳልኝ። ከካኩማ መምጣቴን የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እሱም የሎድዋር ሰው ኖሮ ስለ ዝናቡና ስለ ፍየል ዋጋ ጠየቀኝ። «አመሰግናለሁ ምዜ» አልኩት፤ «ምንም አይደል ሙዋሊሙ» አለኝ። በዚያ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የተባልኩት ያኔ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጉዳዬን አስገብቼ፣ ደረሰኜን ይዤ ልወጣ ስል ከመያዣው ላይ 300 ሽልንግ ቆረጡብኝ። «ፎጣው ቆሽሿል» ተባልኩ። እድፉ እኔ ስገባም ነበረበት፤ ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ወገኖቼ፣ ነገሩን ያነሣሁት ስለ 300 ሽልንጉ አይደለም። የአዲስ አበባውን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ ሰው ለእህል ገንዘብ መክፈል ነውር ሆኖበት ወደ ሆቴሉ መግባት ይፈራ ነበር እየተባለ ይተረካል። አያቶቻችን የሚያውቁት ሌላ ሥርዓት ነው። መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። አብርሃም ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የተቀበላቸውን እንግዶች ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃቸዋል።

ግዕዝ የተማሩ እንደሚያስረዱን «እንግዳ» እና «ነጋዴ» ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም መንገደኞች ነበሩ። ሆቴል የሚለው የፈረንጅ ቃልም ቢሆን ከሆስፒታል ጋር፣ እንግዳ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ስሙ ከእንግዳ ይምጣ እንጂ የኔው ሆቴል የቀረው ንግዱ ብቻ ነው። ንግድ መሆኑ አይከፋም። የሚከፋው ሰውን ከወረቀቱ አሳንሶ ማየቱ ነው።

ታዲያ እኛስ? አዲስ ሰው ከመቀበያው ማዕከል ወጥቶ ወደየብሎካችን ሲመጣ ከአንዳንዶቻችን የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ ምንድን ነው? «ከየት ነህ? የአባትህ ስም ማን ይባላል?» የአባቱ ስም የሚፈለገው ለሰላምታ እንዳልሆነ ጠያቂም ተጠያቂም ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ጠንክሯል። እግሩ አብጦ፣ ልጅ አዝሎ ለመጣ ሰው ይህ ጥያቄ እኔ ከተጠየቅሁት መያዣ ይከብዳል። እኔ ከ1,000 ሽልንጉ 700 ተመልሶልኛል። እሱ ግን መልሱ ካልተወደደለት ብሎኩን ለቆ ሌላ ጥግ ይፈልጋል። ይህንን በዓይናችን አይተናል።

ራሽኑ እንደቀነሰ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ስኒ ሻይና የአንድ ምሽት እራት በተራ ብናደርገው ማንንም አያጎድልም። እኔ ከምኖርበት ብሎክ አምስት ቤቶች ሆነን ጀምረናል። ሰኞና ሐሙስ የእኔ ተራ ነው። እራት ተበልቶ እንግዳው እስኪተኛ ድረስ የትውልድ ቦታና የአባት ስም እንዳይጠየቅ ተስማምተናል። በሌሎቹ ብሎኮች ተራ ለመያዝ የምትፈቅዱ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አስታውቁ።