ወንድም ከወንድም ሲገዛ



በቤተ ክርስቲያን ስለ ገንዘብ ሲነሣ ስለ አሥራትና ስለ ስጦታ ብዙ እንሰማለን። እርስ በርሳችን ስለምንገበያየው ግን እምብዛም አንነጋገርም። ቤት ስናከራይ፣ ዕቁብ ስንጥል፣ መኪና ስንሸጥ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ብዙ ወዳጅነት የተበላሸውም እዚያው ላይ ነው። እኛ ባልና ሚስት አንዲት ያገለገለች መኪና ለመግዛት ስናስብ ጌታ ያስተማረንን ልናካፍላችሁ ወደድን።

የምንኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። ከሁለታችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ መገመት አያዳግታችሁም፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ፎርድ ሙስታንግ ይመኛል። የጸሎት ቡድናችን አባል የሆነ አንድ ወንድም የ2017 ሙስታንጉን በ14 ሺህ ዶላር ሊሸጥ መሆኑን ነገረን። በሌላ ቦታ ለተመሳሳይዋ 20 ሺህ ተጠይቀን ነበር። ዋጋው የወረደበትን ምክንያት ወንድማችን አልደበቀንም፤ መኪናዋ ከእርሱ በፊት ተገጭታ “ቶታል” የተባለች ናት።

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲጋጭ ኢንሹራንሱ የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያስተያያል። መጠገኑ የማያዋጣ ከሆነ ለባለቤቱ ዋጋውን ከፍሎ መኪናውን ይረከብና በጨረታ ይሸጠዋል። ታይትሉ፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ማለት ነው፣ “ሳልቬጅ” የሚል ምልክት ይደረግበታል። ገዝቶ የጠገነው ሰው መኪናውን አስመርምሮ “ሪቢልት” የሚል ታይትል ያወጣል። ይህ ምልክት ከመኪናው ጋር ይኖራል። በብዙ ስቴቶች ግን ምርመራው በዋናነት የሚያየው የመኪናውን ማንነትና የተሰረቀ ዕቃ እንዳልተገጠመበት ነው። ጥገናው በደንብ ስለመሠራቱ ዋስትና አይሰጥም።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል (ሉቃስ 14፥28)። ትምህርቱ እርሱን የመከተልን ዋጋ የሚመለከት ቢሆንም፣ ምሳሌው ከገበያ ሕይወት የተወሰደ ነውና እኛም ቁጭ ብለን ቆጠርን። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ስለሆነ 581 ዶላር ይጨመራል። ከደወልንላቸው ኢንሹራንሶች አንዱ በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት ብቻ እንጂ ለራሷ ለመኪናዋ ሽፋን አልሰጥም አለ። ሌላው ሙሉ ሽፋን ቢሰጥም፣ ዳግመኛ ብትገጭ የሚከፍለው በተቀነሰው ዋጋዋ እንደሆነ ነገረን። በባንክ ያለን ጠቅላላ ቁጠባ 16 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያም ላይ እማማን ከአዲስ አበባ አምጥተን ልጃችንን እንድታይልን ያሰብንበት አለ።

አንድ ወዳጃችን ሐሳባችንን ሰምቶ፣ “እኛስ ጌታ ከወደቅንበት አንሥቶ የጠገነን አይደለንም? ግዟት!” አለን። ደስ የሚል ንግግር ነው፤ ሳቅንም። ግን ቤት ገብተን ስናስበው፣ ጌታ እኛን ሲያድስ ምንም በግማሽ አልሠራም። ዋጋውን ሁሉ ራሱ ከፈለ። ይህችን መኪና የጠገናት ሰው ምን ያህል እንደከፈለባትና የቱን እንደተወው ግን የምናውቀው ነገር አልነበረም። የጸጋ ትምህርት የመኪና ምርመራን አይተካም።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደን ይሉኝታው ነበር። አብሮን የሚጸልይን ወንድም “መካኒክ ይያት” ማለት እንዴት ይቻላል? አላመናችሁኝም ቢለንስ? ሁለት ሳምንት ያህል ቃሉ ከአፋችን አልወጣ አለ። በዚያን ሰሞን በንባባችን 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ደረሰ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስተላልፍ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጻፈ (ቁ. 20-21)። ሐዋርያው ራሱን ለምርመራ ከከፈተ፣ እኛ በመኪና ጉዳይ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? ሁለታችንም አብረን ሄደን በትሕትና ጠየቅነው። ወንድማችን ትንሽ ዝም አለና፣ “እሺ፣ እኔም አብሬአችሁ እመጣለሁ” አለ።

ጋራዡ የአንድ አገራችን ሰው ነው፤ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ በሥራቸው ረጅም ዓመት የቆዩ መካኒክ ናቸው። መኪናዋን አንሥተው ከሥር አዩአት። የፊቱ ሻንሲ ብየዳ ደህና ነው አሉ። ምንጣፉን ገልጠው የውሃ ምልክት፣ የወንበሩን ሐዲድ ነክተው ዝገት ፈለጉ፤ የለም። ደስታችን እየጨመረ ሄደ። ከዚያ መሪው ጋ ተቀመጡና መኪናዋን አስነሡ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶቹ በሩ፤ ለጥቂት ሰኮንድ በርቶ መጥፋት የነበረበት የኤርባግ መብራት ግን ጭራሽ አልበራም። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። በኋላ የመሪውን ክዳን ሲፈቱት ውስጡ ባዶ ነበር። በተሳፋሪው በኩልም እንዲሁ። በግጭቱ የፈነዱት ኤርባጎች በሌላ አልተተኩም፤ እንዳይታወቅም መብራቱ እንዳይሠራ ተደርጓል።

ወንድማችን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መኪናዋን ከሌላ ሰው እንዲሁ ተጠግና ነበር የገዛት። “ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚህች ነው” አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዋጋውን ሊቀንስልን ፈቃደኛ ነበር፤ እኛ ግን ተውነው። ደረሰኝ የሌለው ጥገና ውስጥ ሌላ ምን እንደተዘለለ ማወቅ አይቻልም፤ ያለን ቁጠባም ይህን የሚሸከም አልነበረም። እርሱ መኪናዋን አቁሞ ኤርባጎቹን ማሠራት ጀመረ። ለሚቀጥለው ገዢ የተገኘውን ሁሉ በጽሑፍ እንደሚሰጥም ነገረን። ዛሬም በጸሎት ቡድናችን ጎን ለጎን እንቀመጣለን።

ወገኖች ሆይ፣ ይሉኝታ ፍቅር ይመስላል፤ ግን ፍቅር አይደለም። እኛ አፍረን ዝም ብንል ኖሮ የእርሱም ልጆች የእኛም ልጅ በዚያች መኪና ይሄዱ ነበር። ከወንድም የምትገዙ ከሆነ ሰነዱን ጠይቁ፤ በታይትሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ በመስታወቱ ሥር ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ወስዳችሁ ታሪኳን አውጡ፤ ራሳችሁ የመረጣችሁት መካኒክ ይያት። የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቁ አሳዩ።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለን። ከትንሣኤው በኋላ ጌታ ኢየሱስ ለተጠራጠረው ለቶማስ ቍስሉን አሳየው፤ እንዲነካውም ጋበዘው (ዮሐንስ 20፥27)። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ወደ እርሱ ለመምጣት አትፈሩ። እውነተኛ የሆነው እርሱ መመርመርን አይፈራም።

ጌታ በገበያችንም በቤታችንም እውነትን በፍቅር የምንናገርበትን ድፍረት ይስጠን። ተባረኩ።